ሞተሩን አጥፉት፦ ከልጆች ጋር ጣና ላይ ወፍና ጉማሬ ለማየት

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ጣናን አያይም። በየቀኑ በዳሩ ያልፋል፤ እንግዳ ሲመጣበት ጀልባ ተከራይቶ ገዳም ያሳያል፤ በቃ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቼንና ከደብረ ማርቆስ የመጣችውን እናቴን ይዤ "እንስሳት እናያለን" ብዬ ወጣሁ። በአንድ ቀን አራት ቦታ። ጀልባው እየጮኸ ሄደ፣ እየጮኸ ተመለሰ። ትንሿን ልጄን ሁለት ጊዜ አስመለሳት። እናቴ ነጠላዋ ረጥቦ ስትንቀጠቀጥ ዋለች። ያየነው እንስሳ? ከሩቅ አንድ ነጭ ወፍ። እሱም ስንደርስ የለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወጥተናል። አካሄዳችንን ግን ገልብጠነዋል። አንድ ቦታ፣ ግማሽ ቀን፣ ብዙ ዝምታ። እንዲህ ነው የምናደርገው።

1. ወሩን ምረጡ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ዝናቡ አልፏል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ባሕሩ ከዳር እየሸሸ የሚተወው ረግረግ ለወፎች ገበታ ነው። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም በዚሁ ሰሞን እዚህ ናቸው። ክረምቱን እርሱት። ጭቃ፣ ደመና፣ ማዕበል ነው።

ጥምቀት ሰሞን ከሆነ ሆቴሉም ጀልባውም ስለሚሞላ ቀድማችሁ ያዙ። ወባንም አትርሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ብላችሁ አትዘናጉ፤ ወባ አለ፤ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት። የምታድሩበት ቤት አጎበር እንዳለው ስትደውሉ ጠይቁ። ከሌላ ከተማ የምትመጡ ከሆነ በዚያው ስልክ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ አጣሩ። እዚያው የሚውል ሰው የሚነግራችሁ ከወሬ ሁሉ ይበልጣል።

2. አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ

ጣና ላይ 37 ደሴት አለ ይባላል። "ሁሉንም ባናዳርስ ግማሹን" የሚል ዘመድ ካላችሁ ከጀልባው አውርዱት።

ልጆቻችሁ ከሰባት ዓመት በታች ከሆኑ የዓባይን መውጫና የደብረ ማርያምን ደሴት ምረጡ። ከከተማው በጀልባ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ዳሩ በደንገል የተሸፈነ ነው፤ ጉማሬ የማየት ዕድላችሁም እዚያ ይሻላል። ዋናው ነገር ግን ቅርብ መሆኑ ነው። ልጅ ሽንቱ ቢመጣ፣ ቢያለቅስ፣ "ቤት እንሂድ" ቢል ቶሎ ትመለሳላችሁ።

ከፍ ላሉት ዜጌ። በጀልባ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ዜጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ባሕሩ ዘልቆ የገባ ምድር ነው። ጫካው ግን እንደ ደሴት ተነጥሎ ቀርቷል። ምክንያቱን ለልጆቹ ጀልባው ላይ ንገሯቸው፤ ሲደርሱ ዛፉን በሌላ ዓይን ያዩታል። በዜጌ በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ ክልክል ነው። ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። ቡና ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ ዛፉ አልተቆረጠም። ዛፉ ስላለ ጦጣውም ወፉም አለ።

ክብራን ገብርኤል የሚባለው የደሴት ገዳም ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ጀልባ ነጂዎች መጀመሪያ የሚያነሡት እሱን ነው። ሴት አይገባበትም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ እናትና ሴት ልጅ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ ማለት ነው። አንድ ጊዜ አባትና ወንድም ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ ልጄ የጠየቀችኝን ጥያቄ ዛሬም አልመለስኩላትም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴትም ይገባበታል፤ ዜጌ ላይ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረትም እንደዚሁ።

ደቅ ደሴትና የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ? ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፤ ግን ለዚህ ጉዞ አይሆኑም። መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቹ አሥር ዓመት ሲያልፋቸው ተመለሱበት።

ጀልባ የሚፈራ ካለ ደግሞ መኪና ይዛችሁ ወደ ፎገራ ሜዳ ውጡ። እዚያ ያለችው ወረታ ከተማ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በበጋው ወራት ክሬን የሚባሉ፣ እግራቸውም አንገታቸውም ረጃጅም የሆነ ግራጫ ወፎች ከአውሮፓ ወደ ጣና ዳር ይመጣሉ። ጠዋት አጨዳ ባለቀበት ማሳ ላይ በመንጋ ቃርሚያ ሲለቅሙ ታገኟቸዋላችሁ።

3. ከጀልባ ነጂው ጋር ከአንድ ቀን በፊት ተነጋገሩ

ጉዞው የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ላይ ነው። ጀልባ ነጂው የለመደው ሰው ገዳም አድርሶ፣ ጠብቆ፣ ቶሎ መመለስ ነው። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ሌላ ነገር የጠየቀው የለም። ስለዚህ በግልጽ ንገሩት። እኔ የምለው ይህን ነው፦ "ወንድሜ፣ ገዳም ለመሳለም አይደለም የምንወጣው። ወፍ ነው የምናየው። ቁም ስልህ ሞተሩን ታጠፋለህ፤ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለን እንቀመጣለን። ለቆምንበትም እከፍላለሁ።" የመጀመሪያው ሰው ሳቀብኝ። ሁለተኛው ትንሽ አሰበና "እንግዲያው በጠዋት ነው የምትመጪው፣ እታለም" አለኝ። የያዝኩት እሱን ነው።

ዋጋውን ለሙሉ ጀልባ፣ ለግማሽ ቀን ቁረጡ። ነዳጁና መጠበቂያው አብሮ እንደሆነ አስረግጡ። እዚህ ላይ ስንት ብር እንደሆነ አልጽፍም፤ ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ይለወጣል።

ሳትከፍሉ ጀልባውን እዩት። ጣሪያ አለው? መቅዘፊያ አለው? በልጅ ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬት አለው? "አለ" የሚለው መልስ አይበቃም። አንድ ጊዜ "አለ" ተብዬ በማግስቱ ስሄድ የቀረበልኝ የትልቅ ሰው ጃኬት ነበር፤ ልጄ ጉልበት ደረሰ። ያን ቀን አልወጣንም፤ ቀብዱም ቀረ። መሞከሪያው ቀላል ነው። አልብሱት፣ ዘለበቱን ቆልፉ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው፤ ውሃ ውስጥም ሾልኮ ይወጣል።

4. መነጽሩን ቤት ውስጥ ልመዱ

ባይኖኩላር፣ ማለትም ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር፣ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ተዋሱ። የምትገዙ ከሆነ 8 በ42 የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ፤ 8 ጊዜ ያጎላል፣ 42 የመስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። "ቁጥሩ ሲበዛ ይሻላል" ብሎ 20 የሚያጎላ የሚሸጥላችሁ አይጠፋም። ጀልባ ይወዛወዛል፤ 20 ጊዜ የጎላ ነገር 20 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ምንም አይታያችሁም።

ልጅ ባይኖኩላር ሲይዝ መጀመሪያ የሚያየው ሰማይና የራሱን ሽፋሽፍት ነው። ባሕር ላይ ሆኖ መማር ደግሞ አይሆንለትም። ከሳምንት በፊት ግቢ ውስጥ አለማምዱት። ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ በዓይኑ ይይ። ዓይኑን ከልብሱ ሳይነቅል መነጽሩን ያንሣ። ከዚያ ማጥሪያውን ያዙር። አሥር ጊዜ ያድርገው። ለአራት ዓመት ልጅ ሁለት የሶፍት ካርቶን በፕላስተር አጣብቃችሁ ስጡት። ከእውነተኛው የበለጠ ይወደዋል፤ ቢወድቅም አትደነግጡም።

5. ቦርሳው

ባርኔጣ፣ ሹራብ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ውሃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ። በዚያ ከፍታ ላይ ጠዋቱ ይበርዳል፤ ቀኑ ያቃጥላል፤ ውሃው ፀሐይዋን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይተፋታል። ሁለት ሦስት ፌስታል ለሚያስመልሰው ልጅ። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፤ ጠዋት በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ አብልታችሁ ጀልባ ላይ እንዳታወጡት። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ገዳም የምትገቡ ከሆነ ነጠላም። ደማቅ ቀይና ቢጫ ልብስ ቤት ይቅር።

6. ጠዋቱ

12 ሰዓት ላይ ጀልባው ጋ ድረሱ። ለመቀስቀስ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ጣና ጠዋት እንደ ዘይት ይተኛል፤ ረፋዱ ካለፈ ግን ነፋስ ይነሣና ባሕሩ ይገለባበጣል። ወፎቹም የሚበሉት በጠዋት ነው። 5 ሰዓት ላይ መመለስ አለባችሁ።

መጀመሪያ ወደ ጉማሬው ሂዱ። እዚህ ላይ ከርዕሴ ጋር ልጣላ ነው፤ ለጉማሬ ሞተር አይጠፋም። ቀስ ብሎ እየሠራ ይቆማል። አንደኛ፣ መሸሽ ቢያስፈልግ ሞተር እስኪነሣ የሚጠብቅ ጉማሬ የለም። ሁለተኛ፣ ድምፁን ሲሰማ የት እንዳላችሁ ያውቃል፤ ድንገት ከሥራችሁ አይወጣም። ቢያንስ የግማሽ ኳስ ሜዳ ያህል ራቁ። በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግቡ፤ መውጫውን ከዘጋችሁበት ይመጣባችኋል። ግልገል ካላት እናት ጋ ጭራሽ አትቅረቡ። ሲያዛጋ "ውይ፣ እንቅልፉ መጣ" ብለው ልጆች ይስቃሉ። እንቅልፍ አይደለም፤ ጥርሱን እያሳያችሁ ነው። ያን ጊዜ ነጂው ሳይነገረው ወደ ኋላ ይላል። ካላለ እናንተ በሉት።

የምትፈልጉት ትልቅ እንስሳ አይደለም። ይህን ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ውሃው ላይ የሚታየው ሁለት ትንንሽ ጆሮ፣ ሁለት ዓይን፣ አፍንጫ ብቻ ነው። ጆሮዎቹ ውሃ ሊያራግፉ ሽር ሽር ይላሉ። መጀመሪያ ያየን ቀን ነጂው በአገጩ ጠቆመን። እኔ እንጨት መሰለኝ። እንጨቱ "ፍሽሽ" አለና ጠፋ። ልጆቹ መቁጠር ጀመሩ። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይመለሳል፤ የት እንደሚወጣ መገመቱ ነው ጨዋታው። ልጄ በግራ አለ። በቀኝ ወጣ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና "እግዚኦ" አለች።

አሁን ወደ ደንገሉ ዳር። ጉማሬ ከሌለበት ራቅ ያለ ጥግ ምረጡ፤ እዚህ ሞተሩን አጥፉት። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ምንም የለም። ልጆቹ "ሰለቸን" ይላሉ። ዳቦ ቆሎው የሚወጣው ያኔ ነው፤ አፋቸው ሥራ ይይዛል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ቦታው ይረሳችኋል።

ጥቁርና ነጭ የሆነችው ዓሣ አዳኝ ወፍ ብዙ ጊዜ ቀድማ ትመጣለች። እርግብ ታክላለች። ከውሃው በላይ አየር ላይ ቀጥ ትላለች፤ ክንፏ ይርገበገባል፣ ጭንቅላቷ ግን በሚስማር የተመታ ይመስል አይነቃነቅም። ከዚያ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች። ዓሣ ይዛ ከወጣች እንጨት ላይ ታርፍና ዓሣውን ግራ ቀኝ ታጋጨዋለች። ሲሞት በጭንቅላቱ በኩል ትውጠዋለች። ባዶዋን ከወጣች ደግማ ትሞክራለች። አንዷ ስምንት ጊዜ ስትስት አይተናል። ልጆቹ በዘጠነኛው አጨበጨቡና አባረሯት።

ሌሎቹም ይመጣሉ። ረጃጅም ጣቶቿን ዘርግታ ውሃ ላይ በተነጠፈ ቅጠል የምትሮጥ ቡናማ ወፍ አለች። ራሱ ነጭ የሆነው ንስር ዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮኻል። አርጃኖ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ፔሊካኖች በቡድን ዓሣውን ከበው ሁሉም በአንድ ጊዜ አፋቸውን ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። አንዳንድ ነጂ ዓሣ ወርውሮ ይጠራቸዋል። ፎቶው ያምራል፤ እኔ ግን አይሆንም እላለሁ። ዓሣ የሚወረወርለት ፔሊካን ሥራ ያቆማል፤ ልጆቹም ያዩት ለማኝ እንጂ አዳኝ አይደለም።

የወፍ ስም ባለማወቃችሁ አትሸማቀቁ። ለልጆቹ ደብተር ስጧቸውና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ከዶሮ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ምንቃሩ ምን ይመስላል? ምን ሲያደርግ አየኸው? ስሙን ማታ ትፈልጉታላችሁ። ወይም ራሳቸው ያወጡለታል። እኛ ቤት "አቶ ጃንጥላ" የሚባል ወፍ አለ፤ ክንፉን ዘርግቶ የሚያደርቀው ጥቁሩ ነው።

ወይን ጠጅ አበባ ያለው ውብ ተክል ተንሳፍፎ ካያችሁ እምቦጭ ነው። ጣና ላይ የታየው ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ በተለይ ሰሜንና ምሥራቅ ዳሩን ወሮታል። ልጆች ለአበባው ብለው ይቀጥፉታል። ወደ ቤት ይዘውት እንዳይሄዱ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እምቦጩ ግን ወረቀት አያነብም።

7. ዜጌ ላይ ከወረዳችሁ

ከወደቡ ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ በቡናው መሃል ነው። ሰው ሁሉ ገዳሙ ጋ ለመድረስ ይጣደፋል። እናንተ አትጣደፉ። ፍሬው የደረሰ ሾላ ወይም ዋርካ ስታገኙ ሥሩ ቁጭ በሉ። ወደ ዛፉ ሳይሆን ወደ መሬቱ እዩ፤ የተገመጠ ፍሬ ከወደቀ ከላይ የሚበላ አለ። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ካለፈ፣ ሳታዩት በፊት የክንፉን ድምፅ ትሰማላችሁ። ወናፍ ይመስላል።

ጦጣዎቹ ሰው ለምደዋል። ዳቦ በእጅ ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ ሕጉ ከቤታችን የወጣው ልጄ ድፎ ዳቦውን ተነጥቆ መንገዱን ሁሉ ካለቀሰ በኋላ ነው። ገዳሙ ስትደርሱ ጫማ አውልቁ፣ መነጽሩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ። መቼም ይህን ለአበሻ አልነግርም።

8. ውሃው ውስጥ አትግቡ

ልጆቹ እግራቸውን መንከር ይፈልጋሉ። አይሆንም በሉ። ዳር ዳር ያለው ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ጥገኛ ትል አለ። ጥገኛው በትንንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። ከጀልባ ስትወርዱ ልጆቹን አዝላችሁ ወይም ተሸክማችሁ አውርዱ። እግራቸው ከረጠበ ወዲያው በፎጣ አድርቁት። ከሳምንታት በኋላ ሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ "ጣና ነበርን" በሉት። መድኃኒት አለው።

አመሻሽ ላይ ከከተማው ወጣ ባለው የባሕሩ ዳር ሣር ላይ መንሸራሸርም ይቅር። ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሲመሽ ነው።

9. ምሳ

ስትመለሱ ርቧችኋል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ዓሣ የማይሠራ ቤት የለም። ከመብላታችሁ በፊት ግን ልጆቹን አጥማጆቹ ዓሣ ወደሚያወርዱበት ውሰዷቸው። ቆሮሶውን፣ ነጭ ዓሣውንና አምባዛውን ጎን ለጎን ያዩታል። ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ይመስለናል እንጂ ወደ 15 የሚጠጋ ዝርያ ነው። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወረወራል፤ ከሥር ያለ ዓሣ ያንን መውጣት አይችልም። ስለዚህ የጣናዎቹ ለብቻቸው ቀሩ፣ ለብቻቸው ተለያዩ። አፋቸውን አስተያዩ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ወደ ታች የዞረ፣ አንዱ ከንፈረ ወፍራም ነው። አፉን አይታችሁ ምን እንደሚበላ ገምቱ።

እናቴ አምባዛ አትበላም። "ቅርፊት የለውም" ትላለች፤ እኛም ቆሮሶ እናዛለን። ልጄ ግን ከአምባዛው አጠገብ አትነሣም። ጢሙን በጣቷ ትቆጥራለች። ስምንት ነው።